የፒንክ ፍሎይድ ድምፅ፦ ከማሚቶ ማሽን እስከ ግንቡ

እንደምን አመሻችሁ። ስለ ፒንክ ፍሎይድ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የመድረኩ መብራት፣ የአልበሞቹ ሽፋንና የአባላቱ ጠብ ነው። እኔ ዛሬ የማተኩረው ድምፃቸው ላይ ነው። ድምፁ በምን መሣሪያ እንደተሠራ፣ መሣሪያው ሲለወጥም ዘፈኑ እንዴት አብሮ እንደተለወጠ እናያለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ከዚህ ባንድ አባላት መካከል በጣቱ ፍጥነት የሚደነቅ ሰው አልነበረም። በዘመኑ እንግሊዝ ውስጥ በፍጥነት የሚፎካከሩ ባንዶች ሞልተው ነበር። እነዚህ የያዙት ሌላ መንገድ ነው፤ በአንድ ኖታና በቀጣዩ መካከል ያለውን ክፍተት ራሱን ሠሩበት። ክፍተቱን አንዳንዴ በማሚቶ ይሞሉታል፣ አንዳንዴ በኦርጋን፣ አንዳንዴም ባዶውን ይተዉታል። የጠቅላላ ሥራቸው ሂደት በደንብ የሚገባኝ ከዚህ በኩል ስመለከተው ነው።

ባንዱ የተመሠረተው በ1965 ለንደን ውስጥ ነው። ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ሮጀር ዋተርስ፣ ድራመሩ ኒክ ሜሰንና ኪቦርድ ተጫዋቹ ሪቻርድ ራይት የተገናኙት በሪጀንት ስትሪት ፖሊቴክኒክ ሥነ ሕንፃ ሲማሩ ነበር። ጊታር የሚጫወተውና አብዛኞቹን የመጀመሪያ ዘፈኖች የጻፈው የካምብሪጁ ልጅ ሲድ ባሬት ነው። የባንዱንም ስም ያወጣው እሱ ሲሆን፣ ፒንክ አንደርሰንና ፍሎይድ ካውንስል ከተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የብሉዝ ሙዚቀኞች ስም ወሰደው። ሲጀምሩ የሚጫወቱት ሪትም ኤንድ ብሉዝ ነበር። በ1966 መጨረሻ በተከፈተው ዩፎ በተባለው የለንደን ክለብ ግን ዘፈኖቻቸውን እየለጠጡ፣ ያለ ግጥም ረጅም ደቂቃ የሚቆይ ድምፅ ማሰማት ጀመሩ።

እዚህ ላይ አንድ ዕቃ በደንብ መታወቅ አለበት፤ ቢንሰን ኤኮሬክ የተባለው፣ ሚላኖ ውስጥ ይሠራ የነበረው የማሚቶ ማሽን። የብዙዎቹ ተፎካካሪዎቹ ማሽኖች ድምፁን የሚይዙት በቴፕ ክር ነው። ቢንሰን ግን ዙሪያውን ቀጭን የብረት ሽቦ የተጠመጠመበት የሚሽከረከር ሲሊንደር አለው። አንድ መቅረጫ ሄድ ድምፁን ሽቦው ላይ ያሳርፋል፤ ሲሊንደሩ ሲዞር አራት ማጫወቻ ሄዶች በየተራ ያነቡታል። ዝነኛ በሆነው ሞዴል ሄዶቹ በግምት 75 ሚሊ ሰከንድ ይራራቃሉ፤ ስለዚህ ማሚቶው የሚመለሰው በ75፣ በ150፣ በ225 እና በ300 ሚሊ ሰከንድ ነው። ሄዶቹን አንድ ላይ ሲከፍቷቸው አንድ ኖታ እንደ ተወረወረ ጠጠር እየነጠረ ይሄዳል። ማሽኑ ሲያረጅ ሁለት ችግር ያመጣል። ሲሊንደሩን የሚያዞረው ላስቲክ ሲደርቅ ወይም አንድ ጎኑ ሲጨፈለቅ ፍጥነቱ ይዋልላል፣ ኖታውም ይወላገዳል። ሄዶቹ ሲቆሽሹ ደግሞ ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋና ማሚቶው ይታፈናል።

በዚህ ማሽን ላይ ዋናው ቁም ነገር የሞተሩ ፍጥነት ቋሚ መሆኑ ነው። ማሚቶውን ከዘፈኑ ጋር ማስማማት አይቻልም፤ ዘፈኑን ከማሚቶው ጋር ማስማማት ግን ይቻላል። ባሬት የብረት ላይተር የጊታሩ ክር ላይ እያንሸራተተ ድምፁን በቢንሰን ውስጥ ሲያሳልፍ፣ የሚቀጥለውን ኖታ ከመምታቱ በፊት የመጀመሪያው ተመልሶ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረበት። ባንዱ መታገሥን የለመደው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው አልበማቸው በነሐሴ 1967 ወጣ። የተቀረጸው አቢ ሮድ በሚገኘው የኢኤምአይ ስቱዲዮ በአራት ትራክ፣ ማለትም በአንድ ክር ላይ ጎን ለጎን በሚቀረጹ አራት የድምፅ መስመሮች ሲሆን፣ ፕሮዲውሰሩ ቀደም ሲል የቢትልስ የድምፅ መሐንዲስ የነበረው ኖርማን ስሚዝ ነው። በዚያው ዓመት ሜይ 12 ንግሥት ኤልሳቤጥ አዳራሽ ባቀረቡት ኮንሰርት አንድ አዲስ ነገር አመጡ፤ አዚመዝ ኮኦርዲኔተር የተባለ፣ እንደ አውሮፕላን መሪ ዘንግ ያለው ሣጥን። ዘንጉን በማንቀሳቀስ ድምፁን በአዳራሹ ዙሪያ በተተከሉ ስፒከሮች ማዞር ይቻላል። የሠራው የአቢ ሮዱ ቴክኒሻን በርናርድ ስፓይት ነበር። ከዝግጅቱ በኋላ ሣጥኑ ተሰረቀ፤ ሌላ ተሠርቶ በ1969 መድረክ ላይ ዋለ። ለእነዚህ ሰዎች ድምፅ ቦታም ነበረው ማለት ነው።

የባሬት ጤና በፍጥነት ተቃወሰ። በ1968 መጀመሪያ ጊታር ተጫዋቹ ዴቪድ ጊልሞር በአምስተኛ አባልነት ገባ፤ በሚያዝያ የባሬት መውጣት በይፋ ተነገረ። የቀሩት አራቱ ዘፈን ጸሐፊያቸውን አጥተው ለሦስት ዓመት ያህል መንገድ ፈለጉ። ከዚህ ጊዜ የ1970ው አቶም ሃርት ማዘር ላይ ብቻ ልቁም። የአልበሙ አንድ ገጽ ሙሉ 23 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ የሚፈጅ አንድ ሥራ ነው፤ የብራስና የኮረስ ቅንብሩን የጻፈው ሮን ጊሲን ነው። ስቱዲዮው ያኔ ባለ ስምንት ትራክ አዲስ ማሽን አስገብቶ ነበር፤ አንድ ኢንች ስፋት ያለውን ክር መቁረጥና መቀጠልም ከልክሎ ነበር። በዚህ ምክንያት ሜሰንና ዋተርስ ድራሙንና ቤዙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ትንፋሽ መጫወት ግድ ሆነባቸው። በ24 ደቂቃ ውስጥ ያለ ሜትሮኖም፣ ማለትም ያለ ምት ጠባቂ መሣሪያ፣ ፍጥነቱ መዋዠቁ አይቀርም፤ ዋዠቀም። በኋላ የገቡት የብራስ ተጫዋቾች ያንን የሚዋዥቅ መሠረት መከተል ነበረባቸው። አልበሙ በእንግሊዝ አንደኛ ወጣ። እኔ ግን ስሰማው ከታች ያለው ከላይ ያለውን ሲጎትተው ነው የምሰማው።

ትክክለኛው በር የተከፈተው በ1971 ሜድል በተባለው አልበም ነው። የመክፈቻው ሥራ ሁለት ቤዝ ጊታሮች አሉት፤ አንዱን ዋተርስ፣ ሌላውን ጊልሞር ይጫወታል። ሁለቱም በቢንሰን ያልፋሉ። ጣት የሚመታው ኖታ ጥቂት ነው፤ በመሃል ያለውን ግልቢያ የሚሠራው ማሽኑ ነው። ቤዝ ጊታርና ዲሌይ፣ ማለትም የማሚቶ ፔዳል ያላችሁ ሞክሩት። ዲሌዩን 300 ሚሊ ሰከንድ ላይ አድርጉ፣ መመለሻውን ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ፣ የማሚቶውን ጉልበት ከዋናው ድምፅ ጋር አስተካክሉ። ከዚያ አንድ ኖታ ብቻ እየመታችሁ ፍጥነታችሁን ከማሚቶው ጋር አግቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማሚቶው የሚሞላውን ኖታ ራሱም ስለሚመታው ነው፤ ያኔ ሁሉም ይደፈራረሳል።

የአልበሙን ሁለተኛ ገጽ በሙሉ የያዘው ኤኮስ 23 ደቂቃ ከ31 ሰከንድ ነው። ሲጀመር የሚሰማው «ፒንግ» የሚል ድምፅ የራይት የፒያኖ ኖታ ነው፤ በሌስሊ፣ ማለትም በውስጡ በሚሽከረከር ስፒከር አልፏል። መሃሉ ላይ የባሕር ወፍ የሚመስል ጩኸት አለ። የተገኘው የዋህ ዋህ ፔዳል ገመዶች ተገለባብጠው ጊታሩ መውጫው ላይ፣ አምፕሊፋየሩ መግቢያው ላይ ሲሰኩ ነው። ፔዳሉ ራሱን እያስጮኸ ይጮኻል፤ የጊታሩን የቶን ማዞሪያ ሲነኩት ጩኸቱ ይወጣል ይወርዳል። በዚያው ዓመት ጥቅምት ይህን ሥራ በጥንታዊቷ ፖምፔ ፍርስራሽ ውስጥ፣ አንድም ተመልካች በሌለበት፣ ለፊልም ተጫወቱት።

አሁን ወደ 1973 እንሂድ። ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን የተባለው አልበም ስቱዲዮ ከመግባቱ በፊት ለሕዝብ ቀርቦ ነበር። ጃንዩወሪ 20 ቀን 1972 ብራይተን ውስጥ ሊያቀርቡት ሲሞክሩ «መኒ» ላይ ሲደርሱ የቴፕ ችግር ስለገጠማቸው አቋረጡት። ከዚያ በኋላ ወራት ሙሉ በየአገሩ እየተጫወቱ አሻሻሉት። አቢ ሮድ ሲገቡ እያንዳንዱ ሽግግር በጆሯቸው ነበር። ይህን ቅደም ተከተል እኔ አጥብቄ አከብረዋለሁ፤ መጀመሪያ መድረክ፣ ቀጥሎ ቀረጻ።

«መኒ» የሚጀምረው በሳንቲም፣ በተቀደደ ወረቀትና በገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን ድምፅ ነው። ሰባት ድምፆች፣ ሰባት ምቶች፤ ዘፈኑ ሰባት አራተኛ ነው። የመጀመሪያውን ሉፕ፣ ማለትም ጫፍና ጫፉ ተጋጥሞ እየዞረ የሚደጋገም ክር፣ ዋተርስና ሜሰን ቤት ውስጥ ሠሩት፤ ለአልበሙ ግን ከድምፅ መሐንዲሱ ከአለን ፓርሰንስ ጋር እንደገና ተሠራ። አሠራሩ በማስመሪያ ነው። የስቱዲዮ ቴፕ በሰከንድ 15 ኢንች፣ ማለትም 38 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሮጣል እንበል። በደቂቃ 120 ምት ብንወስድ አንዱ ምት ግማሽ ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ምት 19 ሴንቲ ሜትር ክር ያስፈልጋል፣ ለሰባቱ 133 ሴንቲ ሜትር። ሰባቱን ቁራጮች በ45 ዲግሪ አጋድሞ ቆርጦ፣ በጀርባቸው በቴፕ ማጣበቂያ ቀጥሎ፣ የመጨረሻውን ከመጀመሪያው ማጋጠም ነው። ቀጥ ተደርጎ ከተቆረጠ መገጣጠሚያው «ጠቅ» ይላል። ሉፑ ከማሽኑ ስለሚረዝም ማይክ ማቆሚያ ላይ ዞሮ መወጠር አለበት፤ ሲላላ ፍጥነቱ ይዛባል። የእያንዳንዱ ድምፅ መነሻ ከቁራጩ ጫፍ ላይ በትክክል ካልተገኘም ምቱ ይንከረፈፋል፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ስህተት 26 ሚሊ ሰከንድ ነው፣ ድራመር ደግሞ ይህን ይሰማል።

ሉፑ ሲጀምር ባንዱ እሱን ተከትሎ ይገባል፤ ከዚያ ዘፈኑ ሳይጀመር ቀስ ብሎ እየደከመ ይጠፋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሉፕ አይፈጥንም፣ አይዘገይም፤ ሰው ግን ሲሞቅ ይፈጥናል። የጊታሩ ሶሎ ላይ ሲደርሱ ወደ አራት አራተኛ ይዞራሉ፤ ለሶሎ ተጫዋች ሰፊ ሜዳ ነው።

«ኦን ዘ ራን» ደግሞ የመድረክ የጊታር ክፍል ነበር፤ ስቱዲዮ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ተጣለ። በቦታው ኢኤምኤስ ሲንቲ ኤኬኤስ የተባለ፣ በሻንጣ ውስጥ የተገጠመ ሲንተሳይዘር ገባ። ስምንት ኖታ በሲኩዌንሰሩ፣ ማለትም ኖታዎችን በቅደም ተከተል ይዞ በሚደጋግመው ክፍል፣ አስገብተው ፍጥነቱን ከፍ አደረጉት፤ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ሶል፣ ሬ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ። ከዚያ በኋላ የሚለወጠው ኖታው አይደለም፤ ፊልተሩን በእጅ እየከፈቱ እየዘጉ ቀለሙን ነው የሚለውጡት። የሃይ ሃት፣ ማለትም የድራም ሳህን የሚመስለው ድምፅ ሽሽታ ከሚያመነጨው የማሽኑ ኖይዝ ጀነሬተር የወጣ ነው። በ1973 ለሮክ ባንድ ይህ ደፋር እርምጃ ነበር።

ስቱዲዮው ያኔ አሥራ ስድስት ትራክ ነበረው። ሲሞላ ያለውን ቀላቅሎ ወደ ሁለተኛ ክር መገልበጥ ግድ ነው፤ በተገለበጠ ቁጥር የክሩ ሽሽታ ይጨምራል። ስለዚህ ድራሙና ቤዙ ሲገለበጡ ሚዛናቸው ለዘለቄታው ተወስኗል ማለት ነው፤ ወደ ኋላ መመለስ የለም። የዛሬ ልጆች ሁለት መቶ ትራክ ከፍተው ምንም ሳይወስኑ ሲቀሩ ሳይ ይህን አስታውሳለሁ።

ስለዚህ አልበም ስናወራ ራይትን አለማንሳት ትልቅ በደል ነው። «ብሪዝ» የሚንጠላጠለው በሚ ማይነርና በላ መካከል ነው፤ ወደ መጀመሪያው የሚመልሰውን ያልተለመደ ኮርድ ራይት ያገኘው ከማይልስ ዴቪስ ጃዝ ነው። «ዘ ግሬት ጊግ ኢን ዘ ስካይ» የእሱ ፒያኖ ነው፤ በላዩ ያለ ቃል ያዜመችው ክሌር ቶሪ ለቀረጻው 30 ፓውንድ ተከፈላት፤ በ2004 ከስሳ በ2005 በስምምነት የደራሲነት ድርሻዋ ታወቀላት። አልበሙ በአሜሪካ ቢልቦርድ ሰንጠረዥ ከ1973 እስከ 1988 ባለው ጊዜ 741 ሳምንት ቆየ።

ከዚህ በኋላ ምን ይሠራል? መጀመሪያ ያለ ሙዚቃ መሣሪያ፣ በቤት ዕቃ ብቻ አልበም ለመሥራት ሞከሩ። በላስቲክ፣ በጠርሙስ፣ በብርጭቆ ሳምንታት ፈጅተው ተዉት። ከሙከራው የተረፈው በእርጥብ ጣት አፉ ላይ ሲታሽ የሚዘፍን የወይን ብርጭቆ ድምፅ ነው፤ የ1975ቱ ዊሽ ዩ ዌር ሂር ሲከፈት ከሲንተሳይዘሩ ጋር ተደባልቆ ይሰማል። «ሻይን ኦን ዩ ክሬዚ ዳይመንድ» ዘጠኝ ክፍል ነው፤ ለሁለት ተከፍሎ አልበሙን ይከፍታል ይዘጋልም። ሥራው በሙሉ የተወለደው ከአራት የጊታር ኖታዎች ነው፤ ሲ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሚ። የዘፈኑ ቶን ሶል ማይነር ነው፤ በተለመደው ሶል ማይነር ውስጥ ሚ ፍላት እንጂ ሚ የለም። ጆሮ የሚደነቀው በዚያች በአራተኛዋ ኖታ ነው። ጊልሞር ከመታት በኋላ ለብዙ ሰከንድ ምንም አይጨምርም፤ ባዶውን ይተወዋል። ዘፈኑ ስለ ባሬት ነው። በጁን 1975 ባሬት ሳይታሰብ ስቱዲዮ መጣ፤ ፀጉሩንና ቅንድቡን ላጭቶ፣ ወፍሮ ስለነበር የገዛ ጓደኞቹ ወዲያው አላወቁትም።

የጊልሞርን ሶሎ ለመማር ለምትፈልጉ አንድ ነገር ልበል። አብዛኛው የሚመሠረተው በማይነር ፔንታቶኒክ ላይ ነው፤ ኖታዎቹ ከእኛ ባቲ ማይነር ጋር አንድ ናቸው። በሲ ማይነር ለምሳሌ ሲ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ ሻርፕ፣ ላ። ስለዚህ ኖታዎቹን ጆሯችሁ ያውቃቸዋል፤ የሚያስቸግረው ክሩን መለጠጥ ነው። እሱ ክሩን አንድ ቶን ሙሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይስበዋል፤ ከደረሰበትም በኋላ ነው የሚያንቀጠቅጠው። ጀማሪ ሳይደርስ ማንቀጥቀጥ ይጀምርና ኖታው ጎድሎ ይቀራል።

በጃንዩወሪ 1977 የወጣው አኒማልስ ደረቅና ቁጡ ነው፤ ለንደን ብሪታኒያ ሮው በሚገኘው የራሳቸው ስቱዲዮ ተሠራ። ዋተርስ መሪነቱን ጠቅልሎ መያዝ ጀመረ። የ1979ኙ ዘ ዎል፣ ማለትም «ግንቡ»፣ ሙሉ በሙሉ የእሱ ሐሳብ ነው። ድምፁም ተለወጠ፤ ረጃጅሞቹ ሥራዎች ተቆራርጠው አጫጭር ሆኑ፣ ክፍተቱን በማሚቶ ፈንታ ቃላት ሞሉት። ፕሮዲውሰሩ ቦብ ኤዝሪን ለ«አናዘር ብሪክ ኢን ዘ ዎል» ክፍል ሁለት የዲስኮ ምት አመጣ፤ ከኢዝሊንግተን ግሪን ትምህርት ቤት የመጡ 23 ልጆችን ድምፅ ደጋግመው ደርበው የትልቅ ኮረስ ያህል አደረጉት። የድራምና የቤዙን አቀራረጽም ልብ በሉ። መጀመሪያ በአሥራ ስድስት ትራክ ተቀረጸ፤ ከዚያ ቅጂው ወደ ሃያ አራት ትራክ ማሽን ተዛውሮ ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ ተደረበ። ዋናው ክር ሳይነካ ተቀመጠ፤ በመጨረሻ ሁለቱ ማሽኖች ተጣምረው ሚክስ ተደረገ። ክር ሄዱን በነካ ቁጥር ቀጭኑን ድምፅ ያጣል፤ ከዚህ ነው ያዳኑት።

«ራን ላይክ ሄል» ላይ የድሮው ማሚቶ ተመለሰ፤ አሁን ግን ቢንሰን መሆኑ ቀርቶ ጊዜው በትክክል የሚመረጥ ዲጂታል ዲሌይ ሆነ። ሂሳቡ ይህን ይመስላል፤ 60,000ን ለዘፈኑ ፍጥነት አካፍሉ። በደቂቃ 117 ምት ከሆነ አንዱ ምት 513 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ የእሱ ሦስት አራተኛ 385 ይሆናል። ጊልሞር የሚጠቀመው 380 አካባቢ ነው። ቀጥ ያለ ስምንተኛ ስትመቱ ማሚቶው በመሃል እየገባ አሥራ ስድስተኛ ይሆናል። እዚህ ላይ አሥር ሚሊ ሰከንድ ብትሳሳቱ ይንሸራተታል። በ«ኮምፎርታብሊ ነምብ» ሶሎ ደግሞ አምስት ስድስት ጊዜ ተጫውቶ፣ ጥሩ ጥሩውን ሐረግ ወረቀት ላይ ምልክት አድርጎ ከየትራኩ ለቅሞ አገጣጠመው።

በዚህ አልበም ሥራ ላይ ራይት ከአባልነት ተባረረ፤ የመድረኩን ዝግጅት በደመወዝ ተቀጥሮ ተጫወተ። ዝግጅቱ ኪሳራ ስለነበር ከእሱ ገንዘብ ያገኘው ደመወዝተኛው ብቻ ሆነ። በ1983 የወጣው ዘ ፋይናል ከት በውስጡ ራይት የሌለበት አልበም ነው፤ ሲያዳምጡት የጎደለው ወዲያው ይታወቃል። ኮርዶቹን አስሮ የሚይዝ የለም። ዋተርስ በ1985 ወጣ፤ ጊልሞርና ሜሰን ስሙን ይዘው ቀጠሉ።

በ1982 ዘ ዎል ፊልም ሲሆን ዋናውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው አየርላንዳዊው ቦብ ጌልዶፍ ነው። አገራችን ይህን ሰው የምታውቀው በእኛ አቆጣጠር በሰባ ሰባቱ ረሃብ ነው፤ ባንድ ኤይድንና በጁላይ 1985 የተካሄደውን ላይቭ ኤይድን ካስተባበሩት ቀዳሚው እሱ ነበር። ጊልሞርም ላይቭ ኤይድ ላይ ከብራያን ፌሪ ጋር ጊታር ተጫውቷል። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ጁላይ 2 ቀን 2005፣ በላይቭ ኤይት መድረክ ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ አራቱን አንድ ላይ ያቆማቸው ይኸው የጌልዶፍ ውትወታ ነው። «ብሪዝ»ን፣ «መኒ»ን፣ «ዊሽ ዩ ዌር ሂር»ን እና «ኮምፎርታብሊ ነምብ»ን ተጫወቱ። አራቱ አንድ ላይ ሲጫወቱ ይህ የመጨረሻው ሆነ። ባሬት በጁላይ 2006፣ ራይት በመስከረም 2008 አረፉ።

ከ1987ቱ አልበም ጋር የተያያዘ አንድ ሥራ ልጨምር። ኤ ሞመንታሪ ላፕስ ኦፍ ሪዝን ሲቀረጽ ብዙው ድራም በማሽንና በተከራዩ ተጫዋቾች ነበር፤ ራይትም በሙሉ ልብ አልተመለሰም። ድምፁ የዘመኑን የስቱዲዮ ፋሽን ተከትሎ ተሞላ። የ1994ቱ ዘ ዲቪዥን ቤል ላይ ሦስቱ አብረው መጫወት ስለጀመሩ ትንፋሹ ተመለሰ፤ ከዚያ ጊዜ የተረፈው ቀረጻም በ2014 የወጣው ዘ ኤንድለስ ሪቨር መሠረት ሆነ። በ2019 ደግሞ የ1987ቱ አልበም እንደገና ተሠርቶ ወጣ። ሜሰን ድራሙን አዲስ ቀረጸ፤ የራይት ኪቦርድ ከድሮ የኮንሰርት ቀረጻዎች ተወስዶ ገባ። ሁለቱን ቅጂዎች በአንድ ምሽት፣ በአንድ ስፒከር፣ ድምፁን እኩል አድርጋችሁ አዳምጡ። በመጀመሪያ ድራሙን ብቻ ተከተሉ፤ በሁለተኛው ዙር ኦርጋኑን።